አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ መብራቱ ለምን ይደበዝዛል? ያን ጊዜስ ምን እናድርግ?

ደሴ ፒያሳ ላይ ትኬት እሸጣለሁ። ከዋጋና ከኪሎ ቀጥሎ ደጋግሜ የምጠየቀው «ሊነሳ ሲል መብራቱን የሚያጠፉት ለምንድን ነው?» የሚለውን ነው። ጠያቂዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሩ ብቻ እንዳይመስሏችሁ። ጅዳና ቤሩት ሲመላለሱ የኖሩም ይጠይቁኛል። አንዳንዱ እንዲያውም መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። «ሞተሩ ጉልበት እንዳያጥረው ነው አይደል?» ይለኛል።

አይደለም። ሞተሮቹ የሚያዞሩት ጄኔሬተር የሚያመነጨው ኃይል ለካቢኑ አምፖሎች ተርፎ ይፈሳል። የዛሬዎቹ አውሮፕላኖች መብራት ደግሞ ኤልኢዲ ነው፤ የሚበላው ከቁም ነገር አይገባም። መብራቱን የምትቀንሰው ሆስተሷ ናት፣ በሩ አጠገብ ካለው መቆጣጠሪያ፣ አስባበት።

ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት ግን ከዑምራ ሲመለሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መብራቱ ድርግም ሲል ሸሃዳዬን ያዝኩ እኮ! እዚያም መብራት ይሄዳል እንዴ?» አልሳቅሁባቸውም። እኛ አገር መብራት ሲሄድ ማንም አስቦበት ነው ብሎ የሚገምት የለም። ሲሄዱ ሳልነግራቸው ቀርቼ ሳይሆን፣ የነገርኳቸው ሁሉ ስለ ሻንጣና ስለ ፓስፖርት ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ትኬት ስሰጥ ይህንንም አብሬ እናገራለሁ።

አንድ ነገር ግን ለይታችሁ እወቁ። አውሮፕላኑ ገና ቆሞ ሳለ መብራቱ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ሊመለስ ይችላል። ያ ሌላ ነው። ኃይሉ ከመሬት መስመር፣ ወይም ጅራቱ ውስጥ ካለው ትንሽ ሞተር፣ ወደ ዋናው ሞተር ጄኔሬተር ሲዛወር የሚሆን ነው። በጄት አውሮፕላን ሞተሩ ሲነሳ ከላይ የሚነፍሰው አየርም ጸጥ ይልና ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። አብሽሩ።

የሚዘጋጀው ዓይናችሁ ነው

ትክክለኛው ምክንያት ያለው ዓይናችን ውስጥ ነው። በስተኋላው ግድግዳ ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንደኛው በደማቅ ብርሃን ይሠራል፤ ቀለምና ጥቃቅን ነገር የሚለየው እሱ ነው። ሁለተኛው የጨለማ ነው። የጨለማው ሕዋስ የሚሠራበት ሮዶፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር ደማቅ ብርሃን ሲመታው ይፈርሳል፤ ጨለማ ሲሆን እንደገና ይሠራል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማየት እንጀምራለን። ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል።

ላሊበላ የሄደ ሰው ይህን በራሱ ዓይን አይቶታል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆይታችሁ ወደ ቤተ ማርያም ስትገቡ መጀመሪያ የሚታያችሁ ጥቁር ብቻ ነው። እግራችሁ ምንጣፉን እየዳሰሰ ትቆማላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ዓምዶቹ ይወጣሉ። ከዚያ ቅስቶቹ ይለያሉ። ቀና ብላችሁ በትዕግሥት ከጠበቃችሁ ጣሪያው ላይ ያለው ሥዕል ቀለሙ ሳይቀር ይመጣል። ሥዕሉ መጀመሪያም እዚያው ነበር፤ የዘገየው ዓይናችሁ ነው።

ቤታችሁም መሞከር ትችላላችሁ። ማታ መብራት በርቶ ሳለ አንድ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ሸፍኑት። ከዚያ መብራቱን አጥፉና መጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ በሌላው ዓይን እዩ። የተሸፈነው ዓይን ቁምሳጥኑንም በሩንም ያሳያችኋል። ያልተሸፈነው ምንም አያሳይም። (መብራት ማጥፋት የማትወዱ ደግሞ፣ ደሴ አይደላችሁ? እስኪሄድ ጠብቁ።)

አሁን አውሮፕላኑን አስቡ። ሌሊት ነው፣ ሊያርፍ ነው፣ ካቢኑ እንደ ሠርግ ቤት ቦግ ብሏል። መሬት ሲነካ አንድ ችግር ተፈጠረና ኃይሉ ተቋረጠ እንበል። ያኔ ሁሉም ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እንደቆመው መንገደኛ ይሆናል፤ በሩ የት እንዳለ አያይም። መብራቱ ቀደም ብሎ ደብዝዞ ከነበረ ግን ዓይኑ መንገዱን ጀምሮታል። መተላለፊያውን ይለያል፣ ከፊቱ ያለውን ሰው ያያል።

«ለጥቂት ደቂቃ ማየትና አለማየት ምን ያህል ለውጥ አለው?» ትሉ ይሆናል። ከ44 መቀመጫ በላይ ያለው የመንገደኛ አውሮፕላን ፈቃድ ለማግኘት ሙሉ ሰው ተጭኖበት በ90 ሰከንድ ውስጥ ባዶ መሆን እንደሚችል ማሳየት አለበት። ያውም በጨለማ፣ ያውም ከበሮቹ ግማሹ ብቻ ተከፍተው። ትልቁ ኤርባስ ኤ380 እ.ኤ.አ. በ2006 ሐምቡርግ ውስጥ ሲፈተን 873 ሰዎች በ78 ሰከንድ ወጥተውታል። በእንዲህ ያለ ሂሳብ ዓይን እስኪለምድ የሚጠፋ ጊዜ የት ይገኛል?

ሲነሳና ሲያርፍ ብቻ የሚደረገውም ለዚህ ነው። የአቪዬሽን ሰዎች ከተነሳ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ 3 ደቂቃዎችና ከማረፉ በፊት ያሉትን የመጨረሻ 8 ደቂቃዎች ለብቻ ነጥለው ያዩዋቸዋል። አደጋ ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ያኔ ነው። መሬት ቅርብ በመሆኑም ሮጦ መውጣት የሚቻለው ያኔ ነው። ሰማይ ላይ፣ ደመና በላይ ሆናችሁ ማንም በር አይከፍትላችሁም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ መብራቱ ቦግ ቢል ማንንም አይጎዳም።

መስኮቱስ?

የመስኮቱን መሸፈኛ ክፈቱ የሚሏችሁም ለዚሁ ጉዳይ ነው። ሌሊት ውስጡ በርቶ ከሆነ መስኮቱ መስታወት ይሆናል፤ የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው። ውስጡ ሲደበዝዝ ውጭው ይታያል። ሆስተሷ በር ከመክፈቷ በፊት በዚያ በኩል እሳት መኖሩን ወይም አለመኖሩን ማየት አለባት። አንዳንዴም ቀድሞ የሚያየው መስኮት ዳር የተቀመጠ መንገደኛ ነው። ውጭ ያለው የእሳት አደጋ ሠራተኛም ወደ ውስጥ ማየት ይችላል። ድሪምላይነር በሚባለው አውሮፕላን ላይ መሸፈኛ የለም፤ በቁልፍ የሚጠቁር መስታወት ነው። ብትነኩት አልታዘዝ ካለ ሆስተሶቹ ከራሳቸው መቆጣጠሪያ ይዘውታል ማለት ነው፤ ተበላሸ ብላችሁ አትደብድቡት።

ሲደበዝዝ ደግሞ ወለሉን እዩት። በመተላለፊያው ዳር የሚሄድ መስመር አለ። በአንዳንዱ አውሮፕላን አምፖል ነው፣ በሌላው የካቢኑን ብርሃን አጠራቅሞ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ነገር ነው። ይህ መስመር የመጣው በደም ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1983 የኤር ካናዳ ዲሲ-9 አውሮፕላን በእሳት ምክንያት አሜሪካ ሲንሲናቲ በግድ አረፈ። ከ46ቱ ሰዎች 23ቱ ሞቱ። ማረፉን በሰላም ነበር ያረፈው፤ ካቢኑ ግን በጭስ ተሞልቶ ነበር። ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፣ የጣሪያውን መብራትና ከበሩ በላይ ያለውን ምልክት ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ ነው መንገድ የሚያሳይ መብራት ወለሉ አጠገብ እንዲሆን የታዘዘው።

ከመነሳቱ በፊት የምትሠሩት

ወንበራችሁን ስታገኙ ሻንጣ ከመስቀላችሁ ቀጥሎ አንድ ሥራ አለባችሁ። በጣም ቅርብ የሆነው በር የቱ እንደሆነ እዩ፤ ከኋላችሁም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በእናንተና በበሩ መካከል ያሉትን የወንበር ረድፎች ቁጠሩ። በሌላው አቅጣጫ ያለውንም ቁጠሩ፤ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ያስፈልጋችኋል። ቁጥሩን በቃል ያዙ። ጭስ ውስጥ ዓይን ቢለምድም ባይለምድም ነገሩ ያው ነው፤ ያኔ ጎንበስ ብላችሁ የወንበሩን ጎን በእጅ እየዳሰሳችሁ ትቆጥራላችሁ።

ቀበቶውን ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉት። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚያውቀውን ነው የሚሠራው፤ የመኪና ቀበቶ ደግሞ ቁልፍ በመጫን ይከፈታል። የአውሮፕላኑ ክዳኑን ወደ ላይ በማንሳት ነው። እኛ አገር ሚኒባስ ውስጥ ቀበቶ አስሮ የሚያውቅ ስንቱ ነው? እንግዲህ እጃችሁ አዲስ ነገር እየተማረ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ጋቢ የምትለብሱ ቀበቶውን ከጋቢው በላይ እሰሩት፣ ዳሌ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ። ሆስተሷም ታየዋለች፣ እናንተም ጨርቅ ውስጥ ስትፈልጉት አትውሉም።

ጫማ። እባካችሁ ጫማ። አውሮፕላኑ ገና ሳይነቃነቅ ጫማውን አውልቆ ወንበሩ ሥር የሚሰደው ወገኔ ብዙ ነው። ሰማይ ላይ እንደፈለጋችሁ። ሲነሳና ሲያርፍ ግን እግራችሁ ላይ ይሁን፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ይሁን። ሸበጥ ይወልቃል። ሹል ታኮ ደግሞ የሚነፋውን መንሸራተቻ ሊቀድ ስለሚችል በሩ ላይ አውልቁ ይሏችኋል። ልብስም ከተቻለ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን እሳት ሲያገኘው ቆዳ ላይ ይቀልጣል።

መብራቱ ሲደበዝዝ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። መብራቱ ዝቅ ሲል ስልካችሁን ዝጉ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያበላሸው። ካቢኑን ሁሉ ለዓይናችሁ ሲሉ አደብዝዘውላችሁ፣ እናንተ ከአፍንጫችሁ ሥር ደማቅ ቲክቶክ ከፍታችሁ ካያችሁ ሁሉም ከንቱ ነው። የስልኩ ብርሃን ያንን ሮዶፕሲን መልሶ ያፈርሰዋል። ከራሳችሁ በላይ ያለችውን የማንበቢያ መብራትም አጥፉ። የጆሮ ማዳመጫ አውጡ። ማስታወቂያም ሆነ ጩኸት መስማት አለባችሁ።

ከዚያ ሆስተሷን እዩዋት። በሩ አጠገብ ባለችው ታጣፊ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ አንዳንዷም እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። የተኮሳተረች ይመስላችኋል። ቆጣ ብላም አይደለም፣ ደክሟትም አይደለም። በልቧ እየከለሰች ነው፦ በሬ የቱ ነው፣ እንዴት ይከፈታል፣ ምን ብዬ እጮኻለሁ፣ ማን እርዳታ ይፈልጋል። ይህ ከሥልጠናቸው የመጣ ነው፤ በየበረራው ያደርጉታል።

እናንተም ያንኑ አድርጉ። በሬ በየት በኩል ነው? ስንት ረድፍ? ቀበቶዬ እንዴት ይከፈታል? ልጄን ማን ይይዘዋል? ይሄው ነው። ዱዓም ጸሎትም ከዚህ ጋር አይጣላም። ያቺ የኩታበር እናት ሸሃዳቸውን መያዛቸው ጥሩ ነው፤ የበሩንም አቅጣጫ ቢያውቁ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነበር።

አትተኙ። ቢያንስ አውሮፕላኑ ተነስቶ ከፍታ እስኪይዝ፣ ስታርፉም ከወረደበት ጀምሮ ነቅታችሁ ጠብቁ። መብራቱ መደብዘዙን ብዙ ሰው የመኝታ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። የተገላቢጦሽ ነው።

ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን

ዕድሜ በገፋ ቁጥር ዓይን ጨለማን ለመልመድ ይዘገያል። ስለዚህ ይህ ሁሉ ነገር ከወጣቱ ይልቅ ሐጅና ዑምራ ለሚሄዱት አዛውንቶች ይበልጥ ያስፈልጋል። አብራችሁ የምትበሩ ከሆነ እነሱን ወደ በሩ ቅርብ አስቀምጧቸው፣ ወይም ቢያንስ መተላለፊያው ዳር። ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ፤ አስቀድሞ ከተነገረን ቦታ መምረጥ ይቻላል። የአደጋ ጊዜ መውጫው ረድፍ ላይ ግን አይሆንም። እዚያ የሚቀመጠው በሩን መክፈት የሚችል ጉልበተኛ ሰው ነው።

ዳፍንት ያለበት ሰው ደግሞ አለ። ሲመሽ ዓይኑ የሚይዘው፣ ጎረቤት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው የሚመራው። መነሻው አንዳንዴ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ ይኸው ሮዶፕሲን የሚሠራው ከእሱ ነውና። እንዲህ ላለ ሰው መብራቱ ቢደበዝዝም ዓይኑ አይለምድም። ሲገባ ለሆስተሷ ይንገራት። ነውር የለውም። እሷም ማን እርዳታ እንደሚፈልግ ስትከልስ ታስታውሰዋለች።

ወደ ጅዳ ስትበሩ ቀይ ባሕርን ታቋርጣላችሁ፤ ስለዚህ የሕይወት ጃኬቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ጃኬታቸውን ውስጥ ሆነው የነፉ ብዙዎች ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው ተንሳፍፈው ቀሩ፤ መውጣት አልቻሉም። ጃኬቱን ልበሱ፣ ክሩን የምትስቡት ግን በሩ ላይ ስትደርሱ ነው።

ሕፃናትን ቀድማችሁ ንገሯቸው። «አሁን መብራቱን ቀነስ ያደርጉታል፣ ከዚያ ወደ ላይ እንሄዳለን» በሏቸው። ያወቀ ልጅ አያለቅስም፤ ቢያለቅስም እንኳ እናንተ አትደናገጡም።

ከኮምቦልቻ በቀን ሲሆን

ሐረጎን ወርዳችሁ ከኮምቦልቻ በቀን ወደ አዲስ አበባ ስትበሩ መብራቱ ላይደበዝዝ ይችላል። «ረሱት እንዴ?» አትበሉ። ቁም ነገሩ ጨለማ መፍጠር አይደለም፤ የውስጡንና የውጩን ብርሃን ማቀራረብ ነው። ውጭው ፀሐይ ከሆነ ዓይናችሁ ፀሐይን መልመድ አለበት፤ ስለዚህ መሸፈኛው ይከፈታል፣ ያ ይበቃል። በዚህ መስመር ብዙ ጊዜ የምታገኙት ባለ ፕሮፔለሩን ኪው400 ነው። አጭር ስለሆነ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው። ረድፍ መቁጠሩ ግን አይቀርም።

ከፍታ ለሚፈሩ ደሴዎች አንድ ማጽናኛ ልጨምር። የካቢኑ አየር ሲበዛ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ያለውን ያህል እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚያዘው። ደሴ እኮ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ሰማይ ላይ ስትበሩ በአየሩ በኩል ሆጤ ከተቀመጠው ዘመዳችሁ ብዙም ከፍ አላላችሁም።

ካረፈ በኋላ

ጎማው መሬት ሲነካ ጭብጨባው ይመጣል፤ ደስ ይላል፣ አጨብጭቡ። ግን ቁጭ ብላችሁ። አውሮፕላኑ እስኪቆምና የቀበቶው ምልክት እስኪጠፋ ማንም አይነሳም። መብራቱ ገና ደብዛዛ ከሆነ ገና አልጨረስንም ማለት ነው። ቦግ ሲል ዓይናችሁን ትንሽ ይወጋዋል፤ ያ ዓይናችሁ ጨለማውን ለምዶ እንደነበር ምስክር ነው።

አደጋ ቢኖርና ውጡ ቢባል ሻንጣ አይነካም። ጃፓን ቶኪዮ ሀኔዳ ላይ በፈረንጆቹ ጥር 2 ቀን 2024 ምሽት ኤ350 አውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ ከሌላ ትንሽ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። የውስጥ ማይክሮፎኑ አልሠራ አለ፤ ሆስተሶቹ በሜጋፎንና በጩኸት መሩ። ከስምንቱ በሮች የተከፈቱት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ትልቁ አውሮፕላን ላይ የነበሩት 379ኙም ወጡ፣ ሻንጣቸውን ትተው። ሻንጣችሁ ውስጥ እናታችሁ የፈጨችው በርበሬ እንዳለ አውቃለሁ። ይቅር። ሌላ ትፈጫለች።

በሰላም ካረፋችሁ ደግሞ፣ ከላይ ስታወርዱት ቀስ ብላችሁ። ባለፈው አንዱ ደንበኛዬ የሽሮ ከረጢቱ ተፈቶበት ከፊቱ የነበሩት ሰውዬ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ቢጫ ሆነው ወርደዋል።